ሁለት ኪሎ ለጆንያ

አምና ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ገበያ ነበርኩ። አጎቴ ሁለት ኩንታል ነጭ ጤፍ በአይሱዙ አስጭነው መጥተዋል። ታናሽ ወንድማቸውም አብሯቸው ነው። ጆንያው ሚዛን ላይ ወጣ። ነጋዴው ቁጥሩን አየና ደብተር ለያዘው ልጅ «ሁለት ኪሎ ለጆንያ ቀንስ» አለው። ሁለተኛው ወጣ። አሁንም «ሁለት ኪሎ ለጆንያ»።

ባዶ ጆንያ እዚያው አጠገባችን ተጣጥፎ ተቀምጧል። ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ይህን እኔ አውቃለሁ። ነጋዴው ያውቃል። አጎቴማ ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጆንያ የተሸከሙ ሰው ናቸው።

ታናሽየው ደሙ ፈላ። «ይኼ እኮ ዝርፊያ ነው! አራት ኪሎ ጤፍ!»

አጎቴ ክንዱን ያዝ አደረጉት። «ተው አንተ! እሱም ነግዶ አዳሪ ነው። የቤት ኪራይ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ጫኝ አውራጁ አለ። ደግሞ ሁሌም እንዲህ ነው።»

«ሁሌም እንዲህ ስለሆነ ነዋ አያ!»

ነጋዴው ምንም አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገው፤ ጠበቃ አግኝቷል። ጠበቃው ደግሞ አራት ኪሎ የተወሰደበት ሰውዬ ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያጠባች እናት አንድ ናት። ያደጉትም አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ታዲያ አንዱ ለምን ይቆጣል? ሌላው ለምን ይከራከራል? የጠባይ ነገር ነው?

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህንን ጥያቄ ሲያመነዥኩት ኖረዋል። (የእነሱን ጥናቶች በፈረንጆቹ ዘመን፣ የእኛን ታሪክ በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እንዳይምታታ።) በ1994 ጆን ጆስትና ማህዛሪን ባናጂ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሰው ለራሱ ይሟገታል፤ ይህ የታወቀ ነው። ለወገኑም ይሟገታል፤ ይህም የታወቀ ነው። እነሱ ሦስተኛ ጨመሩ። ሰው የሚኖርበትን ሥርዓትም ደግ ነው፣ ትክክል ነው፣ ተገቢ ነው ብሎ ማመን ይፈልጋል አሉ። ሥርዓቱ ራሱን የሚጎዳው ቢሆን እንኳ። ምክንያቱም «የምኖርበት ዓለም ፍርደ ገምድል ነው» እያሉ በየቀኑ መነሳት ይከብዳል። ሥርዓቱን ማጽደቅ እንደ ማስታገሻ ነው፤ ቁስሉን አያድንም፣ ሕመሙን ግን ያበርዳል።

ይህንን ለእኛ አገር ሰው ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። «ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» ይባላል። ነገሩ ያው ነው።

ከእነሱ በፊት ሜልቪን ለርነር የተባለ ሰው በ1966 ካንድ ባልደረባው ጋር ያደረገው ሙከራ አለ። ተማሪዎች ቁጭ ብለው አንዲት ሴት ስትፈተን ያያሉ። በተሳሳተች ቁጥር ኤሌክትሪክ የሚይዛት ይመስላል። በእውነት አልነካትም፣ ትወና ነው፤ ተመልካቾቹ ግን ይህን አያውቁም። ማስቆም የሚችሉት ተመልካቾች አስቆሙላት። ማስቆም ያልቻሉት፣ ሥቃዩ ይቀጥላል የተባሉት፣ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሴትዮዋን ማጣጣል ጀመሩ። መጥፎ ሰው ሆና ታየቻቸው። ሰው ያለጥፋቱ ሲሰቃይ ዝም ብሎ ከማየት «የእጇን ነው ያገኘችው» ማለት ይቀላል። እኛም መንደር ከብቱ ያለቀበትን ሰው ስናማ እንውላለን። «ድሮም ሰነፍ ነው» እንላለን። «ሰንበት ያርስ ነበር» እንላለን። እንዲህ ስንል እኛ ላይ የማይደርስ ይመስለናል።

ወደ ጠባይ ልመለስ። ተመራማሪዎች የሰውን ጠባይ በአምስት ትላልቅ ዘንጎች ይለኩታል። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥርዓተኛነት፣ ተጫዋችነት፣ ገርነት፣ ቶሎ መረበሽ። ከእነዚህ ውስጥ ከፖለቲካ ዝንባሌ ጋር ደጋግመው ሲገናኙ የታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ለአዲስ ነገር ልቡ የተከፈተ ሰው ነባሩን ይጠይቃል። ሥርዓተኛው ነባሩን ይጠብቃል።

ሁለቱ ወንድማማቾች ለዚህ ተብለው የተሠሩ ይመስላሉ። አጎቴ ሞፈራቸውና ቀንበራቸው የት እንደተሰቀለ በጨለማ ያውቃሉ። የበሬ ጅራፋቸውን ሰው ቢያነሳባቸው ቀኑን ሙሉ አይረሱትም። ታናሽየው ደግሞ ጤፍ በመስመር ዝሩ ሲባል ከሰፈሩ ቀድመው ከሞከሩት ነው። ጉልበቱን ሲጨርሰው ቀድሞ የተወውም እሱ ነው። ስልኩ ላይ ቴሌብር አለ፣ ቲክቶክ አለ፣ የአዲስ አበባ የእህል ዋጋ አለ። የነጋዴውን ዋጋ ከዚያ ጋር እያነጻጸረ ነው የሚቆጣው።

አለቀ? አንዱ ሥርዓተኛ ስለሆነ ገበያውን ይከላከላል፣ ሌላው ክፍት ስለሆነ ይቃወማል ብለን እንሂድ? አይሆንም።

በ2012 ክሪስ ሲብሊና ሁለት ባልደረቦቹ 73 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ መረጃ በአንድ ላይ መዝነውት ነበር። ለአዲስ ነገር ክፍት በመሆንና በወግ አጥባቂነት መካከል ያገኙት ዝምድና 0.18 ያህል ነው፤ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ። በሥርዓተኛነት ደግሞ 0.10። ቁጥሩን ወደ ተራ ቋንቋ ልመልሰው፦ በሰዎች መካከል ካለው የአመለካከት ልዩነት፣ ከሁለቱ ጠባዮች ትልቁ የሚያስረዳው ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። ዜሮ አይደለም። ግን ሦስት ኪሎ ይዞ ኩንታል ሞላሁ ማለት አይቻልም። (የኛ ነጋዴ ቢሆን እሷንም ለጆንያ ይቀንሳት ነበር።)

ከዚያው ጥናት ለኛ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ሥራ አጥነትና ግድያ በበዛበት አገር የጠባይ ሚና ይቀንሳል። ሕይወት ሰላማዊ ሲሆን ሰው እንደ ጠባዩ ያስባል፤ ስጋት ሲከበው ክፍቱም ዝጉም ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ጎጃም ውስጥ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገበያ የሚቀረውን ሰው ጠይቁት። «ዛሬ ወጥቼ እመለስ ይሆን?» የሚል ሰው ስለ ሚዛን ፍትሕ የሚከራከርበት ጉልበት ከየት ያመጣል?

ሌላም አለ። «ጣት ሁሉ እኩል አይደለም» የሚለውን አነጋገር ታውቁታላችሁ። ጂም ሲዳንየስና ፌሊሺያ ፕራቶ በ1990ዎቹ የለኩት ይህንኑ ዝንባሌ ነው። አንዳንዱ ወገን ከላይ፣ አንዳንዱ ከታች ቢሆን ደስ የሚለው ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ኢኮኖሚያዊ ልዩነትንም አጥብቆ ይደግፋል። ከአምስቱ ጠባዮች ይልቅ ይህ ዝንባሌ ነገሩን በተሻለ ይተነብያል።

እኔም ይህንን በልቤ ይዤ ታናሽየውን ሻይ ቤት ጠየቅኩት። ስለ ነጋዴ ሳይሆን ስለ ጋብቻ። «ሸክላ ሠሪ ቤት ልጅህን ትድራለህ?» ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ምነው ሌላ ሰው ጠፋ?» ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፤ ማረሻችንን ስለው፣ ምጣዳችንን ሠርተው፣ ልብሳችንን ሸምነው ያኖሩን ሰዎች ናቸው። እኛ ደግሞ «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችንም ከጋብቻችንም አራቅናቸው። ገበያ ላይ ዓመፀኛው ሰውዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ከአጎቴ የባሰ የነባር ሥርዓት ዘበኛ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ «ነባሩን የሚከላከል ሰው ምን ዓይነት ነው?» ከማለት በፊት «የትኛውን ነባር?» ማለት ያስፈልጋል። ሰው አንድ ሥርዓት ውስጥ ብቻ አይኖርም።

አሁን በመጀመሪያ የደበቅኩትን ልንገራችሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ጣሪያ ሥር አድገዋል ብያለሁ። አንድ መሬት ግን የላቸውም። በ1989 አማራ ክልል መሬት ሲደለደል ታላቅየው የ27 ዓመት ባለትዳር ነበሩ፤ ደረሳቸው። ታናሽየው የ9 ዓመት እረኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ድልድል አልመጣም። አንዱ ዛሬ የይዞታ ደብተር ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጣሉ። ሌላው የወንድሙን መሬት እኩል ያርሳል፤ ግማሹን ለባለመሬቱ፣ ግማሹን ለራሱ። በክረምት መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያርማል። አንድ እናት ያጠባቻቸውን ሰዎች የለያያቸው የልደት ቀን ነው። የ18 ዓመት ልዩነት።

እዚህ ላይ ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ጥናት ይመጣል። በ2010 ክሪስቲን ሎሪን ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ካናዳውያንን ፈተነች። ለአንዳንዶቹ ከካናዳ ለቆ መውጣት ወደፊት እየከበደ ይሄዳል የሚል ጽሑፍ አስነበበቻቸው። ለሌሎቹ እየቀለለ ይሄዳል የሚል። መውጫው ጠበበ የተባሉት የአገራቸውን ሥርዓት ይበልጥ ሲከላከሉ ተገኙ። ጠባያቸው አልተቀየረም። በሩ ነው የተቀየረው።

ታናሽየው መተማ አለለት። ካልሆነም አዲስ አበባ የቀን ሥራ አለለት። ስለዚህ ገበያውን መስደብ ይችላል። አጎቴ የት ይሄዳሉ? በ55 ዓመታቸው፣ በሬያቸውንና ደብተራቸውን ጥለው?

ሻይ ቤት ውስጥ ታናሽየው ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ አጎቴ ወደኔ ዘንበል አሉ። «እሱ ልጅ ነው፣ አይገባውም። ነሐሴ ላይ ማዳበሪያ የሚገዛልኝ ይኼ ሰውዬ እኮ ነው። ዛሬ ባዋርደው ነሐሴ ማን ጋ ልሂድ?»

ለካ አራቱ ኪሎ ወለድ ናት። ስሟ ብቻ ጆንያ ነው።

ልብ በሉ። አንድ መጠይቅ የያዘ ተመራማሪ በዚያች ደቂቃ ቢመጣ አጎቴን «ሥርዓቱን አጽዳቂ» ብሎ ይመዘግባቸው ነበር። እሳቸው ግን ሚዛኑ ትክክል ነው ብለው አያምኑም። ዋጋውን ከፍለው በር ክፍት ያስቀምጣሉ። ማዳበሪያ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያ ቁጥር ባንክ ውስጥ ብቻ አልቀረም፤ እስከዚያ ሚዛን ድረስ ወርዷል። ዋጋው በጨመረ ቁጥር አበዳሪው ይበልጥ ይፈለጋል። አበዳሪው በተፈለገ ቁጥር ጠበቃው ይበዛል።

ሰው ለሌለው ነገር ከሚጓጓ ይልቅ ላለው ነገር ይሰጋል። ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 ያሳዩት ይህንን ነበር፦ 100 ብር መጣል የሚያመው 100 ብር ማግኘት ከሚያስደስተው በላይ ነው። ወላጆቻችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላሉ። ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል። እኔ አይመስለኝም። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው መልአኩን ሊሞክረው ይችላል፤ ቢከስር ሌላ ጊዜ ይመለሳል። ከረሃብ አንድ መኸር ብቻ የሚለየው ሰው ግን አንዴ ቢሳሳት ሁለተኛ ዕድል የለውም። የአንዱ ድፍረትና የሌላው ጥንቃቄ ከጠባያቸው ሳይሆን ከጎተራቸው ሊመጣ ይችላል።

በነገራችን ላይ ድሃ ከሀብታም ይልቅ ሥርዓቱን ይከላከላል የሚለው የጆስትና የጓደኞቹ ደፋር ግምት፣ ከአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ በ2003 ድጋፍ አግኝቶ ነበር። በ2013 ማርክ ብራንት ከብዙ አገሮች በተሰበሰበ ሰፊ መረጃ ሲፈትሸው አልጸናለትም። አንዳንድ ቦታ እንዲያ ነው፣ ብዙ ቦታ ግን አይደለም። ለኔ ይህ አልገረመኝም። የጎጃምን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አይገርመውም።

1960ን ተመልከቱ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ግብሩ ክፉ አይመስልም፤ እንደ ገቢው ሰው ይክፈል ነው የሚለው። የጎጃም ገበሬ ግን ተነሳ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት። መንግሥት ጦር ላከ፣ የጦር አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ግብሩ ጎጃም ላይ ሳይጸና ቀረ። ውዝፉም ተሰረዘ።

ገበሬው ምን ፈራ? ግብሩን ብቻ አይደለም። ገቢ ለመገመት መሬት መታየት አለበት። መሬት ከታየ ይለካል። ከተለካ ርስት አበቃለት። እንዲህ ነው የተፈራው።

ርስት ደግሞ ተራ ነገር አልነበረም። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንን ነበር። ሰው በእናቱም በአባቱም በኩል እስከ ዋናው አባት ድረስ ቆጥሮ ድርሻዬን ማለት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ምንም የሌለው ሰው እንኳ የሚከራከርበት መሬት አለው። ያገኛል ማለት አይደለም። ትልልቁን ድርሻ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ጉልበትና ወዳጅ ያለው ነው። ነገር ግን ሁሉም ተስፋ አለው። ሁሉም ባለሙግት ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ድሃው ለምን እንደሚጠብቀው ለመረዳት የጠባይ መለኪያ አያስፈልግም። በሙግት ያለ ሰው ፍርድ ቤቱ እንዲዘጋ አይፈልግም።

እዚህ ላይ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ ይደናገራል። የ1960ው ገበሬ ነባሩን ሥርዓት ተከላከለ፤ ስለዚህ ወግ አጥባቂ ነው። በመንግሥት ላይ ጠመንጃ አነሳ፤ ስለዚህ ዓመፀኛ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን። የካቲት 25 ቀን 1967 «መሬት ላራሹ» ሲታወጅ ደቡብ ያለው ጭሰኛ ሲጨፍር የጎጃም ባለርስት ግንባሩን ቋጠረ። አዋጁ አንድ ነው። የሚያጡት ነገር ግን አንድ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የተረፈ፣ የማይለቅ አንድ ልማድ ደግሞ አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ እንግዳ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ የሚያስበው ምርምር አይደለም። ግብር ነው፣ ልኬት ነው፣ ምዝገባ ነው። በ1989ም ስም የተጻፈበት ሰው አለ፤ ድሮ በደርግ ጊዜ ሊቀመንበር ነበርክ ተብሎ «ቢሮክራት» ሆኖ መሬቱ ተቀንሷል። ስለዚህ «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲባል «ተመስገን፣ ደግ ነው» ይላል። ይህን መልስ መጠይቁ እንዴት ይመዘግበዋል? «ረክቷል» ብሎ? ቅኔ በሚዘረፍበት አገር፣ ሰም ሰሙን ብቻ ለቅሞ ወርቁን ጥሎ የሚሄድ መለኪያ ብዙ አያስኬድም። በዚህ ዘርፍ ያሉት አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በምዕራባውያን አገሮች፣ ብዙ ጊዜም ተማሪዎች ላይ ነው። እዚያ መጠይቅ መሙላት ማንንም መሬት አያስነጥቅም።

እንዲህ ስል ጥናቶቹን ውኃ በላቸው ማለቴ አይደለም። ማስታገሻው እውነት ነው። አጎቴ «ሁሌም እንዲህ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ስሌት ብቻ አልነበረም፤ እፎይታም ነበረበት። ማመን ሲጀምሩት ሰምቻለሁ። ሰው በየዓመቱ ለነሐሴ ብሎ የሚናገረውን ቃል ስንት ዓመት ሳያምነው መናገር ይችላል? እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ዕዳው ሲከፈል ቃሉ አብሮ ላይከፈል ይችላል።

ያን ዕለት ማታ አጎቴ ቤት አደርኩ። ታናሽየው ወደ ቤቱ ሄዷል። እሳቱ ዳር ተቀምጠን እኔ እንደ ቀልድ አድርጌ ከእነዚያ መጠይቆች የሚመስል ጥያቄ አመጣሁ። «አባባ፣ ‹ድሃ የሆነ ሰው ራሱን እንጂ ሌላ ሰው አይውቀስ› ቢባል ይስማማሉ?»

ዝም አሉ። እንጨቱን ገፋ አደረጉት።

«ይኼን የሚጠይቀው ማን ነው?»

«ማንም አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አንተ ከሆንክማ» አሉ፣ «በሩን ዝጋውና ቁጭ በል።»